ካርዱ በእጃችን፣ ሐኪሙ ግን የት አለ?

ለመሆኑ በቤታችሁ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ጣቶቹን ማጠፍ የሚያቅተው ሰው አለ? የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ ሊጥ ማቡካት ወይም ልጁን አቅፎ ማንሣት የከበደው? ምናልባት “ብርድ መቶኝ ነው”፣ “ሥራ በዝቶብኝ ነው”፣ “ቁርጥማት በዘራችን አለ” እየተባለ ወራት አልፈው ይሆናል። በኋላም ሕመሙ ሲብስ ሐኪም ቤት ተሄዶ፣ “የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ማየት አለብሽ” ተብሎ ወረቀት ተሰጥቷል። ስልክ ሲደወል ግን አንዱ “ሜዲኬድ አንቀበልም”፣ ሌላው “አዲስ ታካሚ አንይዝም”፣ ሦስተኛው “ከስድስት ወር በፊት ቀጠሮ የለም” ይላል። ወረቀቱም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ለምትኖሩና ያ ወረቀት ማቀዝቀዣቸው ላይ ለቀረባቸው ባልና ሚስት የተጻፈ ነው። ልንነግራችሁ የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ “አንቀበልም” የሚለው መልስ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ካርዱን የሰጣችሁ ወገን ሐኪም የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ እናንተም ሁለት ሆናችሁ ከፈለጋችሁ መንገዱ ይገኛል።

ለምን ያስቸኩላል?

የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዕድሜና በድካም ብዛት የሚመጣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም አለ። ሪህ አለ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ግን ከእነዚህ ይለያል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ጠላትን ትቶ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚፈጠር በሽታ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእጅና በእግር ትንንሽ አንጓዎች ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ እኩል ያብጣሉ፣ ጠዋት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ድርቅ ይላሉ። ድካምና የምግብ ፍላጎት ማጣትም ሊከተል ይችላል።

ይህን በሽታ ጊዜ ሰጥቶ መጠበቅ አይቻልም። ሳይታከም ሲቀር አጥንቱንና ልጥጡን እየበላ ይሄዳል፤ ጉዳቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በራጅ ሊታይ ይችላል። አንድ ጊዜ የተጣመመ ጣት በመድኃኒት አይቃናም። በአንጻሩ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ብዙዎች ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ለመኖር ችለዋል። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሻሻለው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት ሰው ምልክቱ በጀመረ በስድስት ሳምንት ውስጥ በስፔሻሊስት እንዲታይ፣ መድኃኒቱንም በሦስት ወር ውስጥ እንዲጀምር መክሯል። እንግዲህ “ከስድስት ወር በፊት ቀጠሮ የለም” የሚለው መልስ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እንጨምር። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ከተነሣ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሐኪሙ ለምን ጠፋ?

ሜዲኬድ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1965 በፈረሙት ሕግ ከሜዲኬር ጋር አብሮ የተጀመረ የመንግሥት የጤና መድን ነው። ሜዲኬር በዋነኛነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች ሲሆን፣ ሜዲኬድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ስልክ ላይ ለይታችሁ ተናገሩ፤ በአንዲት ፊደል ስሕተት ብቻ ቀጠሮ የሚበላሽበት ጊዜ አለ።

ሐኪሞች ሜዲኬድን የማይቀበሉበት ዋናው ምክንያት ክፍያው ነው። ለአንድ ታካሚ የሚከፍለው በአጠቃላይ ሜዲኬርም ሆነ የግል ኢንሹራንስ ከሚከፍሉት ያንሳል። በዚህ ላይ ሩማቶሎጂስት የሚባሉት የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቶች ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ያሉትም በትላልቅ ከተሞች ይሰበሰባሉ። ስለዚህ “ሰው ንቀውኝ ነው፣ በአነጋገሬ ነው” ብላችሁ አትቁሰሉ። እንግሊዝኛን አቀላጥፎ የሚናገር የአገሬው ተወላጅም ያው በር ይዘጋበታል።

ሜዲኬድ የሚተዳደረው በየስቴቱ መሆኑንም አትርሱ። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ይህ በደንብ ይገባችኋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ኢስተርን አቬኑ የተባለውን መንገድ ከተሻገረ ዲሲ ገባ ማለት ነው፤ የሜሪላንድ ሜዲኬድ ካርዱ ግን አብሮት ላይሻገር ይችላል። የቨርጂኒያውም እንዲሁ ነው። ከድንገተኛ ሕክምናና ከተለየ ፈቃድ በቀር ሐኪሙ የእናንተን ስቴት ሜዲኬድ የሚቀበል መሆን አለበት። “የጓደኛዬ ሐኪም በጣም ጎበዝ ነው” ከማለታችሁ በፊት ጓደኛችሁ የየትኛው ስቴት ካርድ እንዳለው ጠይቁ።

ፍለጋው ከየት ይጀምራል?

አንደኛ፣ ካርዱን አንብቡ። አብዛኛው የሜዲኬድ ተጠቃሚ የሚታከመው ስቴቱ ውል በገባላቸው የኢንሹራንስ ድርጅቶች፣ በተለምዶ “ፕላን” በምንላቸው በኩል ነው። የፕላኑ ስም በካርዱ ፊት ለፊት፣ የአባላት አገልግሎት ስልክ ደግሞ በጀርባው አለ። ወደ ሐኪም ቤት ስትደውሉ “ሜዲኬድ ትቀበላላችሁ?” ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የፕላኑን ስም እንደ ተጻፈው አንብቡላቸውና “ይህን ፕላን ትቀበላላችሁ? አዲስ ታካሚ ትይዛላችሁ? በዚህ አድራሻ ነው ወይስ በሌላው? ቅርቡ ቀጠሮ መቼ ነው? ሰው ሲቀር የሚጠሩት ዝርዝር ላይ ትመዘግቡናላችሁ?” በሉ። አንድ ሐኪም በአንዱ ክሊኒኩ ተቀብሎ በሌላው የማይቀበልበት ጊዜ አለና የአድራሻውን ጥያቄ አትዝለሉ።

ሁለተኛ፣ የሐኪሞች ዝርዝር ከፕላኑ ጠይቁ። በሕጉ መሠረት ዝርዝሩ ሐኪሙ አዲስ ታካሚ የሚቀበል መሆኑንና የሚሰጠውን የቋንቋ አገልግሎት ማሳየት አለበት። ነገር ግን ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ የለቀቀ፣ ጡረታ የወጣ፣ ፕላኑን የተወ ሐኪም ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ መነሻ ይሁናችሁ እንጂ መድረሻ አይሁንባችሁ።

ሦስተኛ፣ የግል ክሊኒኮችን ብቻ አትዙሩ። የሕክምና ትምህርት ቤት ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ብዙውን ጊዜ የሩማቶሎጂ ክፍል አላቸው፤ ሜዲኬድም የመቀበል ዕድላቸው ሰፊ ነው። ታካሚው ልጅ ከሆነ ደግሞ የሕፃናት ሆስፒታሎችን ጠይቁ። ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ የሜዲኬድ ልጆች አስፈላጊ የሆነው የስፔሻሊስት ሕክምና እንዲሸፈን ሕጉ ከአዋቂዎች ይልቅ ሰፋ አድርጎ ያዛል።

አራተኛ፣ የቤተ ሰብ ሐኪማችሁን አሠሩት። ሩማቶሎጂስቶች ቀጠሮ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ የሪፈራል ወረቀቱን አንብበው አስቸኳዩን በመለየት ነው። “የእጅ ሕመም” ብቻ የሚል ወረቀት ከክምሩ ሥር ይገባል። “ለስምንት ሳምንት የቆየ የሁለት እጅ አንጓ እብጠት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚቆይ መድረቅ” የሚልና የደም ምርመራ ውጤት የተያያዘበት ወረቀት ግን ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ሐኪማችሁን ሩማቶይድ ፋክተር፣ አንቲ ሲሲፒ፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ የተባሉት የደም ምርመራዎች እንዲታዘዙ፣ የእጅና የእግር ራጅም እንዲነሣ ጠይቁት። እብጠቱ ባለበት ጠዋት እጁን በስልክ ፎቶ አንሡ፤ በቀጠሮው ቀን እብጠቱ ሊጠፋ ይችላልና። የቤተ ሰብ ሐኪም ከሌላችሁም ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር የሚባሉት የሕዝብ ጤና ማዕከላት ሜዲኬድ ይቀበላሉ፣ ኢንሹራንስ የሌለውንም እንደ ገቢው አስከፍለው ያክማሉ።

በር ሲዘጋባችሁ

አንድ ደብተር ግዙ። በደወላችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የክሊኒኩን ስምና ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ የተሰጣችሁንም መልስ ጻፉ። አራት አምስት ክሊኒክ ከተዘጋባችሁ በኋላ ወደ ፕላኑ ስልክ ደውሉና ዝርዝሩን አንብቡላቸው። እንዲህም በሉ፦ “በዝርዝራችሁ ካሉት ሐኪሞች በጊዜው የሚያየኝ አላገኘሁም። እናንተ ፈልጉልኝ፤ ካልተገኘም ከዝርዝራችሁ ውጪ ያለ ሐኪም እንዲያየኝ ፍቀዱልኝ።”

ይህ ልመና አይደለም። የፌዴራሉ የሜዲኬድ ደንብ፣ አንድ ፕላን በዝርዝሩ ካሉት ሐኪሞች አስፈላጊውን ሕክምና ማቅረብ ካልቻለ፣ ከዝርዝሩ ውጪ ባለ ሐኪም በጊዜውና በበቂ ሁኔታ እንዲሸፍን ያዛል። ታካሚውም ከዝርዝሩ ውስጥ ቢታከም ከሚከፍለው በላይ አይጠየቅም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ የመጀመሪያው “አይሆንም” ላይ ይቆማሉ።

ፕላኑ በጽሑፍ ከከለከላችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለዚያው ፕላን ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ እዚያ ካልተሳካ ስቴቱ ራሱ የሚሰጠውን የይግባኝ ችሎት መጠየቅ ትችላላችሁ። መዘግየቱ ጤናን የሚጎዳ መሆኑን ሐኪማችሁ ከጻፈ፣ አስቸኳይ ይግባኝ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ደንቡ ያዛል። ፕላን መቀየርም ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ያለ ምክንያት፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለበሽታችሁ ልምድ ያለው ሐኪም ካጣችሁ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ለመቀየር ማመልከት ትችላላችሁ። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የምትፈልጉት ሩማቶሎጂስት አዲሱን ፕላን እንደሚቀበል በስልክ አረጋግጡ።

“በጥሬ ገንዘብ ከከፈላችሁ እናያችኋለን” የሚላችሁም አይጠፋም። ተበድራችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ለፕላኑ ደውሉ። ሜዲኬድን የሚቀበል ሐኪም መንግሥት የከፈለውን እንደ ሙሉ ክፍያ መውሰድ አለበት፤ ልዩነቱን ከእናንተ ሊጠይቅ አይችልም። አንዱን ቀጠሮ በብድር ብትከፍሉም ይህ ሕመም የዓመታት ክትትል የሚፈልግ መሆኑን አስታውሱ።

ቋንቋና መጓጓዣ

“እንግሊዝኛዬ አይበቃም” ብላችሁ ስልኩን አትፍሩ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤትና ፕላን አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ሕጉ ያስገድደዋል። “አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ” ማለት ይበቃል። የዲሲ ከተማማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ እናቱ ደም፣ ስለ ወር አበባዋና ስለ እርግዝና የሚጠየቀውን ልጅ መስማትም መተርጎምም አይገባውም፤ ትርጉሙም ይሳሳታል።

መኪና ለሌላችሁም ሜዲኬድ ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ መጓጓዣ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድሞ መደወል ያስፈልጋልና ቀጠሮው እንደ ተያዘ ፕላኑን ጠይቁ።

የሁለታችሁ ሥራ ነው

አሁን ወደ እናንተ ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። ይህ ሕመም ከውጭ አይታይም። ፊቷ ያው ነው፣ ልብሷ ያው ነው። ጠዋት ግን ከአልጋ መነሣት ተራራ ይሆንባታል። ባል ይህን ካላወቀ “ሰነፈች” ይላል፤ ሚስትም “አይገባውም” ብላ ዝም ትላለች። በዝምታው መካከል ሕመሙ አጥንት ይበላል፣ ቅሬታው ደግሞ ትዳር ይበላል። የታመመው ባል ሲሆንም ያው ነው፤ “ወንድ ልጅ አያቃስትም” እያለ ሕመሙን የሚደብቅ፣ የሥራ ሰዓቱ እንዳይቀነስ የሚፈራ ስንት አለ!

ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉት። የታመመው ምልክቱን ይመዝግብ፤ ጤነኛው ስልክ ይደውል። እጁ ያበጠ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ስልክ ይዞ ሙዚቃ ሲሰማ መዋል አይጠበቅበትም። ባለቤታችሁን ወክላችሁ እንድትነጋገሩ ፕላኑ ፈቃዷን ስለሚጠይቅ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አብራችሁ ሆናችሁ ፈቃዱን ስጡና ከዚያ በኋላ አንዳችሁ ቀጥሉ። በቀጠሮው ቀን ሁለታችሁም ሂዱ። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ሐኪሙ ከተናገረው ብዙውን አይሰማም።

አብራችሁ እንድትሄዱ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በስሕተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉና ቀኑን ሁለታችሁም እወቁት። በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳል። ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ገና ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሌላ ተስማሚ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። ከበድ ያሉት መርፌዎች ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረጋል። ሁለቱም በአገራችን የተለመዱ ስለሆኑ፣ ቀድሞ ታማችሁ ከነበረ ወይም የታመመ ሰው አስታማችሁ ከነበረ አትደብቁ።

ቀጠሮው እስኪደርስም ከጓደኛ የተገኘ ፕሬድኒዞን አትውሰዱ። ሕመሙን ለጊዜው ያበርዳል፤ ሳይታወቅ ሲቆይ ግን ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። የቤተ ሰብ ሐኪማችሁ ግን ለመሸጋገሪያ የሚሆን ሊያዝላችሁ ይችላል፤ አንዳንዱም ጉዳያችሁን ለሩማቶሎጂስት ጽፎ ምክር መቀበል ይችላልና ጠይቁት።

ጸሎትና ቀጠሮ

በመካከላችን “ሐኪም መፈለግ እምነት ማጣት ነው” የሚል ሐሳብ በግልጽ ባይነገርም በልብ ይመላለሳል። ከተጸለየላት በኋላ መድኃኒቷን ያቆመች፣ ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ አፍራ ለማንም ያልነገረች እህት በየጉባኤው አለች። ወገኖች ሆይ፣ ጸልዩ፤ መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ምክር አታቁሙ። ይህ በሽታ በራሱ ጊዜ ጋብ ብሎ እንደገና የሚነሣ ነው። መዳናችሁ እውነት ከሆነ የደም ምርመራው ይናገራል፤ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ይቀንሳል።

ምእመናንም እንጀራ ይዞ ከመጠየቅ ያለፈ ሥራ አላቸው። ሁለት እንግሊዝኛ የሚችሉ ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢሮዎች በተከፈቱበት ሰዓት ለታመሙ ቢደውሉ፣ በየስቴቱ ሜዲኬድ ተቀብለው የተገኙትን ስፔሻሊስቶች በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ቤተ ሰብ ከዜሮ አይጀምርም። የሕመምተኛው ስምና ምስጢር ግን ከደብተሩ ውጪ ይሁን።

ካርዱ እንዳይቋረጥ

በመጨረሻ፣ የተገኘው ሐኪም በወረቀት ጉድለት እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወረርሽኙ በኋላ የሜዲኬድ እድሳት እንደገና ሲጀመር ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመዝገብ ወጥተዋል፤ አብዛኞቹም የወጡት ብቁ ስላልሆኑ ሳይሆን ወረቀት ስላልተመለሰ፣ አድራሻ ስለተቀየረና በመሳሰሉት ምክንያቶች ነው። ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን አስመዝግቡ፤ ከሜዲኬድ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አይደር።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም ብዙ ይለውጣል። በሜዲኬድ መስፋፋት የገቡ አዋቂዎች ከ2026 መጨረሻ ጀምሮ በየስድስት ወሩ እንዲያድሱ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም ተመሳሳይ ተግባር እንዲያሳዩ ይደነግጋል። በጤና ምክንያት ሥራ የሚያቅታቸው ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዚህም የሐኪም ማስረጃ ሊያስፈልግ ይችላል። ስደተኝነትና ጥገኝነት ያገኙ፣ ግሪን ካርድ ግን ገና ያልያዙ ብዙ አዋቂዎችም ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ ከሚሸፈነው ሜዲኬድ እንዲወጡ ሕጉ ይደነግጋል። ይህ የሚመለከታችሁ ከሆነ ስቴታችሁ በራሱ ገንዘብ የሚሰጠው ሌላ መድን እንዳለ ጠይቁ፤ የግሪን ካርድ ማመልከቻችሁንም አታዘግዩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሡት። ካርዱን ከጎኑ አስቀምጡ፤ አዲስ ደብተር ክፈቱና የመጀመሪያውን ስልክ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚደውል ተስማሙ። የእጇ ጣቶች ከሚጣመሙ የእናንተ ጣቶች ስልክ ሲነኩ ቢደክሙ ይሻላል።